የጉልበት ካርቲሌጅ ኦፕሬሽን ልገባ ነው፣ ያለፋችሁበት እስቲ ምከሩኝ

ቤዛ_ቢ

ሰላም ለሁላችሁም። ቀኝ ጉልበቴን ከቆየ ጀምሮ ያመኛል፣ ደረጃ ስወርድ ይብስብኛል፣ ቆሜ ከዋልኩ ማታ አብጦ ነው ማገኘው፣ አንዳንዴ ደግሞ በመሀል ግትር ብሎ ይያዝና እስኪለቀኝ ካለሁበት ንቅንቅ ማለት አልችልም። ኤምአርአይ ተነስቼ ውጤቱን ሳሳየው ዶክተሩ የጭን አጥንትሽ ጫፍ ላይ ያለው ካርቲሌጅ፣ አጥንቱን ሚሸፍነው ለስላሳ ነገር፣ አንድ ቦታ ተልጦ አጥንቱ ተራቁቷል፣ የቀረው ጉልበትሽ ግን ደህና ነው አለኝ። በካሜራ ገብተን ማይክሮፍራክቸር ሚባለውን እንሰራልሻለን፣ ስንገባ ሜኒስከሱም፣ በጉልበት አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ መሰል ነገር፣ ተቀዶ ካገኘነው አብረን እናየዋለን ነው ያለው። ቀኑም ተቆርጦልኛል።

ዶክተሩ ጥሩ ሰው ነው ግን ወረፋው ብዙ ስለሆነ ሁሉንም መጠየቅ አልቻልኩም፣ ጥያቄው ደግሞ ሚመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አሁን ያስጨነቀኝ እሱ ስድስት ሳምንት በክራንች ነው፣ እግርሽን አትጭኚውም ብሎኛል። ጓደኛዬ ግን ያው የጉልበት ካርቲሌጅ ኦፕሬሽን አርጋ በማግስቱ ነው የረገጠችው፣ በሁለተኛው ሳምንት ስራ ገባች። የቱን ልመን? ደሞስ ከአሁኑ ምን ባረግ ነው ሚጠቅመኝ፣ ዝም ብዬ ልረፍ ወይስ ልንቀሳቀስ? ትንሽ ልጅ አለኝ፣ መኝታ ቤቴ ፎቅ ላይ ነው፣ ስራዬ ተቀምጦ ሚሰራ ነው። ህመሙስ እንዴት ነው? በእውነት ፈርቻለሁ፣ ያለፈበት ሰው ካለ ሳይሰለች ይጻፍልኝ።


አቤል_ሯጭ

ቤዛ አይዞሽ። ለኔም የተሰራልኝ ማይክሮፍራክቸር ነው፣ ግራ ጉልበቴን፣ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ስለጓደኛሽ ልንገርሽ፣ እኔንም ያኔ በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ በዚሁ ነው ያደናገረኝ። የጉልበት ካርቲሌጅ ኦፕሬሽን ሲባል ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል እንጂ አራት አምስት አይነት ነው። የጓደኛሽ በጣም ሚመስለኝ ሜኒስከሷ ተቀዶ የተቀደደችው ጫፍ ተቆርጣ የወጣችላት ነው፣ ያ ሲሆን እስኪይዝ ሚጠበቅ ነገር ስለሌለ በማግስቱ ትረግጣለች። ያንቺ ሌላ ነው። ካርቲሌጅ የደም ስር የለውም፣ ስለዚህ ሲጎዳ ራሱን መጠገን አይችልም፣ ሰርጀኑ የተራቆተውን አጥንት በቀጭን መውጊያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያረገውና ከመቅኒው ደም ይወጣል፣ ያ ደም እዛው ቁስሉ ላይ ይረጋል፣ ከዛ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ካርቲሌጅ መሰል ነገር ይለወጣል። ሲጀምር በጣም ለስላሳ ነው፣ ብትቆሚበት ተፍቆ ይሄዳል። ስድስት ሳምንቱ ለዛ ነው፣ ዶክተርሽን እመኚው። ስምንትም ሚሉ አሉ።

ዝግጅት ላልሽው፣ ክራንቹን ከኦፕሬሽኑ በፊት ተቀበዪና ቤት ውስጥ ተለማመጂበት። ከማደንዘዣ ወጥተሽ፣ እግርሽ ተጠቅልሎ፣ ራስሽን እያዞረሽ አዲስ ነገር መማር ከባድ ነው። መያዣው ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ የእጅሽ አንጓ ጋ መድረስ አለበት፣ ክርንሽ ትንሽ እጥፍ ይላል፣ ብብትሽና የክራንቹ ጫፍ መሀል ደግሞ ሁለት ሶስት ጣት ያስገባ። ክብደትሽን በእጅሽ ነው ምትሸከሚው፣ በብብትሽ ከተንጠለጠልሽበት ነርቭ ይጫንና እጅሽ ይደነዝዛል። ከዛ ምንጣፍ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ፣ የልጅሽ መጫወቻ፣ መሬት ላይ ያለውን ሁሉ አንሺ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማያንሸራትት ነገር አንጥፊ፣ ተቀምጠሽ ምትታጠቢበት ጠንካራ ወንበርም አስገቢ። ሁለቱም እጅሽ ክራንች ላይ ስለሆነ ምንም ነገር ይዘሽ መሄድ አትችዪም፣ እኔ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ቀኑን ሙሉ አላወልቅም ነበር፣ ስልኬም ውሃዬም መድሃኒቴም እዛ ውስጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳላስጠነቅቅሽ አላልፍም። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ነርሷ መጥታ እግርህን ቀጥ አርገህ ከአልጋው ከፍ አርገው አለችኝ። ማደንዘዣው ለቆኛል፣ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ፣ ተረከዜ አንሶላው ላይ ሲፈገፈግ ይሰማኛል፣ ጭኔን እያየሁ ተነስ እለዋለሁ፣ አይነሳም። ጡንቻው እርግብ እርግብ ይላል እንጂ አይጨብጥም። ነርቭ ተቆርጦብኝ ነው ብዬ በጣም ደነገጥኩ። ነርሷ ኧረ ሁሉም እንደዚህ ነው አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። አንቺም ላይ ከመጣ እንዳትደነግጪ።


ማሂ_ሜኒስከስ

አቤል ያለው ልክ ነው። እኔ ሁለቱንም አውቀዋለሁ፣ አንዴ የግራዬ ሜኒስከስ ጫፉ ተቆርጦ ወጣልኝ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ የቀኜ ተሰፋ። የመጀመሪያው ቀላል ነበር፣ ሁለተኛው ግን ብሬስ (ጉልበት ላይ ሚታሰር መደገፊያ)፣ ክራንች፣ ወራት ሙሉ መጎንበስና ቁጢጥ ማለት ክልክል። ውጭውን ላየው ሰው እኮ ሁለቱም ያው ሁለት ሶስት ትንንሽ ጠባሳ ነው! ብቻ ሰው ምን ተሰራልሽ ሲልሽ ጉልበት አትበዪ፣ ሙሉ ስሙን ንገሪያቸው፣ ምክራቸውንም ከመስማትሽ በፊት ለሷ/ለሱ ምን እንደተሰራ ጠይቂ።


ፊዚዮ_ሂሩት

እህቴ ቤዛ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ጉልበት ላይ ነው በብዛት ምሰራው። ልረፍ ወይስ ልንቀሳቀስ ላልሽው፣ ተንቀሳቀሺ፣ ግን ጉልበትሽን በማያሳብጥ መንገድ። ከኦፕሬሽኑ በፊት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ጉልበት ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም አእምሮ የጭኑን የፊት ጡንቻ ያጠፋዋል፣ ጡንቻው ሳይጎዳ ትእዛዙ ነው ሚቋረጥበት፣ አቤል ላይ የሆነው ይሄ ነው። እናም ጡንቻው በጣም ቶሎ ነው ሚሟሽሸው፣ ጭኑን በሜትር ስትለኪው በሁለት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ጡንቻ ይዘሽ ከገባሽ ብዙ ይተርፍሻል።

ቀላሉ ስራ ይሄ ነው። እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ፣ የጉልበትሽን ጀርባ ወደ አልጋው ለመጫን የፊት ጭንሽን አጥብቂ፣ የጉልበትሽ ሎሚ ወደ ላይ ሳብ ስትል በእጅሽ ይሰማሻል፣ አምስት ሰከንድ ይዘሽ ልቀቂ፣ አስር ጊዜ፣ በቀን ብዙ ዙር። እሱ ሲለምድልሽ ያንኑ እግር ቀጥ አርገሽ ከአልጋው ከፍ አርጊ። ካላመመሽና ካላሳበጠሽ ማይሮጥ ብስክሌት ያለ ጫና፣ ወይም ዋና። ያኛው እግርሽና ክንድሽም ይስሩ፣ ስድስት ሳምንት ሚሸከሙሽ እነሱ ናቸው። መዝለል፣ ቁጢጥ ማለት፣ ደረጃ መሮጥ ይቅር።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ደግሞ ደጋግሜ ማየው ችግር ትራስ ነው። ጉልበት ትንሽ እጥፍ ሲል ስለሚመቸው ሰው ጉልበቱ ስር ትራስ ያስገባል፣ ቤተሰብም አዝኖ ያስገባልሻል። ከዛ በሁለት በሶስት ሳምንት ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ሙሉ ለሙሉ አልዘረጋ ይላል፣ መዘርጋት ያቃተው ጉልበት ደግሞ ሲራመዱ ያነክሳል፣ ሎሚዋንም ይጫናታል። ትራሱን ተረከዝሽ ስር አርጊው፣ ጉልበትሽ አየር ላይ ሆኖ በራሱ ክብደት ይዘርጋ። እግርሽ ከልብሽ ከፍ ይበል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ቆዳ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፣ በተለይ ነርቭ ብሎክ፣ እግርን ሚያደነዝዝ መርፌ፣ ተሰጥቶሽ እግርሽ ደንዝዞ ከሆነ ሲያቃጥልሽ አይሰማሽም።

ማይክሮፍራክቸር ላይ እግሩ አይጫን እንጂ ጉልበቱ መንቀሳቀስ አለበት፣ ይሄን ሰው ያምታታዋል። አዲሱ ነገር ምግቡን ሚያገኘው ከጉልበት ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፣ ፈሳሹ ሚዘዋወረው ደግሞ ሲታጠፍና ሲዘረጋ። እግርሽን አስገብተሽበት ራሱ እያጠፈ ሚዘረጋልሽ ማሽን አለ፣ ሲፒኤም ይባላል፣ በቀን ስድስት ስምንት ሰዓት ድረስ ሚያዙ ሰርጀኖች አሉ። ማሽኑ ከሌለ ተረከዝሽን አልጋው ላይ እያንሸራተትሽ ማጠፍና መዘርጋት ነው፣ በቀን መቶዎች ጊዜ፣ አሰልቺ ነው ግን ስራው እሱ ነው። እስከስንት ዲግሪ እንደሚፈቀድልሽ ሰርጀንሽ ይንገርሽ።

ቁስሉ ያለበትን ቦታም ጠይቂው። የጭን አጥንት ጫፍ፣ ከታችኛው አጥንት ጋር ሚገጥመው ላይ ከሆነ ስትቆሚ በቀጥታ ይጫናል፣ ስድስት ሳምንቱ ለሱ ነው። ከሎሚዋ ጀርባ ወይም ሎሚዋ ምትሄድበት ቦይ ላይ ከሆነ ግን እግር ቀጥ ብሎ ብሬስ ተቆልፎበት ቶሎ መርገጥ ሊፈቀድ ይችላል፣ እዛ ሚከለከለው ጉልበቱ ታጥፎ መጫኑ ነው። ያው ማይክሮፍራክቸር፣ ያው ሰርጀን፣ ግን ህጉ ሌላ።

ጣቶችሽን ብቻ አስነኪ ከተባልሽ፣ እግርሽ ስር እንቁላል እንዳለ አርገሽ አስቢ፣ ይነካል እንጂ አይሰበርም። በኋላ ግማሽ ክብደት ምናምን ሲሉሽ በግምት እንዳታረጊው፣ የሰውነት ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጪና በክራንችሽ ተደግፈሽ ያን እግር ብቻ ሚዛኑ ላይ ጫኚ፣ 10 ኪሎ ወይም 20 ኪሎ ምን እንደሚመስል ሰውነትሽ ይማረዋል። ሰው በግምት ሲያረገው ከታዘዘው አብልጦ ነው ሚጭነው።


ቤዛ_ቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ አነበብኩት ደግሜ አነበብኩት። የትራሱን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ባለቤቴንም አስነበብኩት። ሂሩትዬ አንድ ያልገባኝ፣ በሶስተኛው በአራተኛው ሳምንት ምንም ካላመመኝ ትንሽ ትንሽ መርገጥ ብጀምር ምን ችግር አለው? ሰውነትሽን አዳምጪው ይባላል አይደል። ደረጃውንስ እንዴት ነው ምወጣው? ልጄስ? ሶስት ዓመቷ ነው፣ እቀፊኝ ስትለኝ እምቢ ማለት አልችልም።


ፊዚዮ_ሂሩት

ቤዛዬ እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ። ካርቲሌጅ የደም ስር ብቻ አይደለም የሌለው፣ ነርቭም የለውም። ጉልበትሽ ሲያምሽ ሚያምሽ አጥንቱ፣ ሽፋኑ፣ እብጠቱ ነው። አዲሱ ነገር ተፍቆ ሲሄድ ላያምሽ ይችላል። ለሌላ ጉዳት ሰውነትሽን አዳምጪ እላለሁ፣ ለዚህ ግን ቀኑን ቁጠሪ። በጣም ማዝንባቸው ታካሚዎች እኮ ጥሩ ስሜት ሚሰማቸው ናቸው፣ ወጣት ናቸው፣ እብጠቱ ቶሎ ይጠፋላቸዋል፣ አላመመኝም ብለው ክራንቹን ጥግ ያስቀምጡታል። ጉዳቱ ሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ህመም መኖሩ ቁም ማለት ነው፣ አለመኖሩ ግን ሂድ ማለት አይደለም። እብጠትን ግን እመኚው፣ ዛሬ ሰርተሽ ነገ ጠዋት ጉልበትሽ ካበጠና ከሞቀ በዝቶበታል ማለት ነው፣ ቀንሺ።

ደረጃ ስትወጪ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ክራንቹና የታመመው ይከተላሉ። ስትወርጂ ክራንቹና የታመመው ይቀድማሉ። መደገፊያ ብረት ካለ በአንድ እጅ እሱን ያዢ፣ ሁለቱንም ክራንች በሌላው። ካልተማመንሽ ተቀመጪና በመቀመጫሽ አንድ አንድ ደረጃ ውጪ፣ የታመመውን ዘርግተሽ፣ ምንም ማያሳፍር ነገር ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ ማስተምራቸው። ከተቻለ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ታች መተኛት ይሻላል።

ለልጅሽ ከአሁኑ ንገሪያት፣ በአሻንጉሊቷ እግር ላይ ፋሻ ጠቅልለሽ አሳያት፣ ይቺ እግር እንዳትነካ በያት። ቆመሽ አታነሻትም፣ ተቀመጪና በግራሽ በኩል እሷ ትውጣ። ከጎንሽ ምትተኛ ከሆነ ለጊዜው በጤነኛው እግር በኩል ትሁን፣ ልጆች በእንቅልፍ ልባቸው ይራገጣሉ።


ነርስ_ጽጌ

ቤዛ ልጄ፣ እኔ ቀዶ ህክምና ክፍል ለብዙ ዓመት የሰራሁ ነርስ ነኝ። እነሱ ያልነኩትን ልጨምርልሽ።

ምትወስጂውን ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ። ሁሉ ስልሽ የደም ማቅጠኛ፣ አስፒሪን፣ የስኳር መድሃኒት፣ ለክብደት ሚወጉት መርፌ፣ ቫይታሚን፣ ከእጽዋት የተሰራ፣ ሳይቀር። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንም መድሃኒት ነው፣ ሴቶች እሱን መጻፍ ይረሳሉ፣ ኤስትሮጅን ያለበት ከሆነ የደም መርጋትን ስለሚጨምር ሀኪሙ ማወቅ አለበት። በራስሽ ግን ምንም እንዳታቆሚ፣ እነሱ ይወስኑ። ከቤተሰብ እግሩ ላይ ወይም ሳንባው ላይ ደም የረጋበት ሰው ካለም ተናገሪ። ሲጋራ ካለ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁም፣ ቁስል አያሽርም፣ ማይክሮፍራክቸር ላይማ ጭራሽ ጠላቱ ነው። ጉልበትሽን ራስሽ እንዳትላጪው፣ ምላጭ ትንንሽ ቁስል ይፈጥርና ጀርም ይገባል፣ ካስፈለገ እነሱ በማሽን ያነሱታል። ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ትኩሳት፣ ሳል፣ ሽንት ማቃጠል፣ ያ እግር ላይ ቁስል ወይም የነፍሳት ንክሻ ያመረቀዘ ካለ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ቀኑ ይራዘምብኛል ብለሽ እንዳትደብቂ።

ጾም ሲሉሽ በብዛት ከኦፕሬሽኑ በፊት ከምግብ ለስድስት ሰዓት ከንጹህ ውሃ ለሁለት ሰዓት መከልከል ነው፣ ግን ያንቺ ሆስፒታል የነገረሽን ነው ምትይዢው። ኦፕሬሽኑ ወደ ጉልበት ሚገባ ስለሆነ ሙሉ ማደንዘዣ ወይም ወገብ ላይ ሚሰጠው ሊሆን ይችላል፣ ምርጫ ካለ ከማደንዘዣ ሀኪሙ ጋር ተነጋገሪ። ሰፊ ቁምጣ ወይም ቀሚስ ልበሺ፣ ስትወጪ ብሬስና ፋሻ ስለሚኖርሽ ጠባብ ሱሪ አይገባም።

ህመሙን ጠይቀሻል። የመጀመሪያው ሌሊት ነው ሰውን ሚያስደነግጠው፣ ምክንያቱም ነርቭ ብሎክ ከተሰጠሽ ቀኑን ሙሉ ምንም አይሰማሽም፣ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ ከዛ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ይለቅና ህመሙ አንዴ ይመጣል። መድሃኒቱን ሳይለቅ በፊት ጀምሪ፣ ከዛ ሰዓቱን ጠብቀሽ ውሰጂ፣ ካመመኝ እወስዳለሁ ብለሽ አትጠብቂ፣ ህመም አንዴ ከገነነ ለማብረድ ያስቸግራል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም አይበልጥም፣ የጉንፋን መድሃኒት ውስጥም ስላለ ደርበሽ እንዳትወስጂ። ከጠንካራዎቹ የህመም ማስታገሻዎች ጋር ሆድ ድርቀት ይመጣል፣ ከመጀመሪያው ቀን ፈሳሽ አብዢ፣ ማለስለሻም ጠይቂያቸው።

ቁርጭምጭሚትሽን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሺ፣ ነቅተሽ ባለሽበት ሰዓት ሁሉ፣ ደሙን ከባትሽ ይገፋዋል። ባትሽን ካመመሽ፣ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከሞቀ በዛው ቀን ታዪ። ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደም ያለው ሳል ከመጣ ለነገ ማይባል ነው፣ ድንገተኛ ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን። ትኩሳት ከ38 በላይ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ሽታ ካመጣ፣ የጉልበቱ እብጠት ከቀን ወደ ቀን መቀነሱ ቀርቶ እየባሰ ከሄደ ደውዪላቸው። ከጠባሳው አጠገብ ትንሽ ቦታ መደንዘዝ ግን ብዙ ሰው ላይ ይታያል፣ አይረብሽሽ። ፋሻው ውሃ እንዳይነካው፣ ስፌት በብዛት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይነሳል፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ሀኪሙ እስኪፈቅድ የለም።


ዳዊት_ዘ

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። እናቴ 66 ዓመታቸው ነው፣ ሁለቱም ጉልበታቸው ካርቲሌጁ አልቋል ተባሉ፣ ይሄ ማይክሮፍራክቸር ለሳቸው ይሆናል? ወይ ደግሞ በካሜራ ገብተው ማጠብ ሚባል አለ ሰማሁ።


ፊዚዮ_ሂሩት

ወንድሜ ዳዊት፣ ለእማማ አይሆንም። የቤዛ ጉልበት ደህና ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ነው ጉድጓድ ያለው፣ ማይክሮፍራክቸር ደግሞ በተለይ ከ2 ካሬ ሴንቲሜትር ለሚያንስ ቁስልና ለወጣቶች ነው ጥሩ ሚሰራው። ቁስሉ ሰፋ ሲል ወይ ከራስ ጉልበት ወይ ከለጋሽ ካርቲሌጅ ከነአጥንቱ ነቅሎ መትከል አለ፣ ወይ ከራስ የተወሰደ ሴል ላብራቶሪ ውስጥ አባዝቶ በሁለተኛ ኦፕሬሽን መመለስ አለ፣ የመጨረሻውን ስዊድኖች ናቸው የጀመሩት፣ በፈረንጆቹ 1994 ነው ውጤቱን ያሳተሙት። እነዚህ ሁሉ ግን ዙሪያው ጤነኛ ለሆነ ጉልበት ናቸው። የእናትህ ግን ሙሉው መገጣጠሚያ ነው ያረጀው፣ ሚተከልበት ጤነኛ ዳር የለም።

ማጠቡን ተወው። በ2002 የወጣ ታዋቂ ጥናት አለ፣ ያረጀ ጉልበት ያላቸውን ሰዎች ለሶስት ከፈሏቸው፣ ለአንዱ ወገን በካሜራ ገብተው አጠቡ፣ ለሁለተኛው ጠረጉ፣ ለሶስተኛው ቆዳውን ብቻ ቀደው ሰፉት፣ በኋላ ሲለካ ህመማቸው ልዩነት አልነበረውም። ለሳቸው ሚጠቅማቸው የጭን ጡንቻ ማጠንከር፣ መራመድ፣ ክብደት ካላቸው መቀነስ ነው። ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል፣ አምስት ኪሎ ቢቀንሱ 20 ነው፣ ቀላል እንዳይመስልህ። በዚህ ሁሉ አልሻል ካላቸውና ሌሊት እንቅልፍ ከነሳቸው የጉልበት ቅየራውን ከኦርቶፔዲክ ሀኪም ጋር ያውሩ፣ እሱ ጥሩ ውጤት ያለው ኦፕሬሽን ነው።


አቤል_ሯጭ

ቤዛ ስለኋላው ጊዜም ትንሽ ልበልሽ፣ ሰው ሁሉ ስለ ስድስት ሳምንቱ ነው ሚያወራው፣ ለኔ ግን ከባዱ ከዛ በኋላ ያለው ነበር። ክራንቹን ስታስቀምጪ አለቀ ይመስልሻል፣ ሰውም ተሻለሽ ይልሻል፣ አንቺ ግን ጭንሽ ቀጥኗል፣ ደረጃ ስትወርጂ ጉልበትሽ ይከዳሻል፣ ትንሽ ከሄድሽ ማታ ያብጣል። እኔ በዛ ሰሞን ሆዴ ሁሉ ነው የተረበሸው፣ ከሰው መገናኘት አስጠላኝ። ይሄ እንደሚመጣ አውቀሽ ከገባሽ ይቀላል፣ ዝም ብለሽ ደግሞ አትያዥው፣ ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ከከበደሽ ለሀኪምም።

ማይሮጠው ብስክሌት ላይ ያለ ጫና ስትወጪ ነው ተስፋ ሚመጣው። መጀመሪያ ሙሉ ዙር አይዞርልሽም፣ ጉልበትሽ 105፣ 110 ዲግሪ ምናምን እስኪታጠፍ ድረስ ወደፊት ወደኋላ ብቻ ታወዛውዢዋለሽ፣ ኮርቻውን ከፍ አርጊው። ሩጫና ዝላይ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር በፊት አይታሰብም፣ ከዛም በላይ ሚፈጅበት አለ። መኪና ምትነጂ ከሆነ ያንቺ ቀኝ ነው፣ የፍሬኑ እግር፣ ስለዚህ መርገጥ እስኪፈቀድልሽና ድንገት ፍሬን በሙሉ ጉልበት መያዝ እስክትችዪ፣ እንቅልፍ ሚያመጣውንም መድሃኒት እስክታቆሚ አትንጂ። ለቢሮ ስራ ግን ቶሎ ትመለሻለሽ፣ እኔም ተቀምጬ ነው ምሰራው፣ ችግሩ ስራው ሳይሆን መንገዱ ነበር። እግርሽን ዘርግተሽ ምታሳርፊበት ሌላ ወንበር ጠረጴዛሽ ስር አስቀምጪ፣ ቀኑን ሙሉ አጥፈሽው ከዋልሽ ማታ ታውቂዋለሽ።

እንደበፊቱ ይሆናል ወይ ብትዪኝ እውነቱን ነው ምነግርሽ። በማይክሮፍራክቸር ሚበቅለው የመጀመሪያው ካርቲሌጅ አይደለም፣ ጥንካሬው ይለያል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። እኔ አሁን ረጅም መንገድ እራመዳለሁ፣ ብስክሌት እነዳለሁ፣ ቀለል ያለ ሩጫ በለስላሳ መሬት እሮጣለሁ። አስፋልት ላይ ውድድር ትቻለሁ፣ የጭን ስራዬን ግን እስካሁን አላቆምኩም።


ቤዛ_ቢ

አቤል እውነቱን ስለነገርከኝ በጣም አመሰግናለሁ፣ ዝም ብሎ ይሻልሻል ከሚለኝ ይሄ ይበልጥ አረጋጋኝ። እማማ ጽጌ ኪኒኑን እውነትም አልጻፍኩትም ነበር፣ ደወልኩላቸውና አስመዘገብኩ። ዶክተሩንም አግኝቼው ቦታውን ጠየቅኩት፣ ሚጫነው ጫፍ ላይ ነው፣ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል በአንድ ገደማ። ማሽኑ እንደሌላቸውና ተረከዝ በማንሸራተት እንደምሰራ ነግሮኛል። የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ ገብተው ሜኒስከሱን ተቀዶ ካገኙትና ከሰፉት ምን ይቀየርብኛል?


ፊዚዮ_ሂሩት

ስፋቱ ትንሽ ነው፣ ደስ ይላል። ከተሰፋ ብዙ ሰርጀኖች ለመጀመሪያዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ ይከለክላሉ፣ በጥልቀት ቁጢጥ ማለትና ጉልበትን አጥፎ መጠምዘዝ ደግሞ ለወራት ይቆያል። ማንሸራተቱን ያው ትቀጥያለሽ፣ እስከተፈቀደው ድረስ ብቻ። ከተቆረጠ ግን ምንም አይጨምርብሽም፣ የማይክሮፍራክቸሩን ህግ ነው ምትከተዪው። ስትነቂ የነገሩሽን በማደንዘዣው ምክንያት ልትረሺው ስለምትችዪ ሲያስረዱሽ ባለቤትሽ አጠገብሽ ይሁንና ይጻፍ፣ የኦፕሬሽኑን ሪፖርት ቅጂም ጠይቁ፣ ምን እንደተሰራ፣ የት ቦታ፣ ስንት በስንት፣ እስከመቼ እንደማይረገጥ፣ እስከስንት እንደሚታጠፍ። ፊዚዮሽ ጋ ስትመጪ ያንን ወረቀት ይዘሽ ነይ፣ እኔ ሪፖርቱን ሳላይ ማንንም ታካሚ አላስረግጥም።